የጫማ ማሰሪያ ነገር

ባለፉት ሳምንታት በዚህ ዓምድ ስለ ማኅበራችን ምርጫ፣ ስለ ዕቁብ ጠብና ስለ ልጆቻችን አማርኛ ስንነታረክ ከርመናል። ዛሬ ግን ጎንበስ ብለን ወደ እግራችን እንወርዳለን። የምጽፈው ስለ ጫማ ማሰሪያ ነው። አዎ፣ ድሮ አዲስ አበባ ሊስትሮው «ጋሼ፣ ክሩ አልቋል፣ ልቀይርልዎ?» ካላለን በቀር ትዝ ስለማትለን ስለዚያች ክር። «አገር ሲታመስ ይሄ ሰውዬ ስለ ክር ይጽፋል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይታገሠኝ። ነገሩ የጀመረው በክር ቢሆንም ሊያልቅ የነበረው በአንድ ሰው የእግር ጣት ላይ ነው።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ፣ ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ በሆነበት ሰሞን፣ ስድስት ሆነን ወደ ፕሬሪ ማውንቴን ሄድን። ለማያውቁት ያህል፣ ከካልጋሪ በስተ ምዕራብ ብራግ ክሪክን አልፈው በ66 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ኤልቦ ፏፏቴ ሲጠጉ በስተ ቀኝ የሚገኝ ተራራ ነው። መንገዱ ረጅም አይደለም። ነገር ግን ሰባት መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወጣል፤ ያንኑ ያህል ደግሞ ቁልቁል ያስወርዳል። ጣጣው ያለው እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው።

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጠቅስም። እሳቸው ይህን ሲያነቡ ራሳቸውን ያውቁታል፤ እኔንም በስልክ ይወቅሱኛል። ጋሼ ስኳር አለባቸው። ሐኪማቸው «መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፣ በእግርዎ ይሂዱ» ብሎ ስለመከራቸው መጀመሪያ በሰፈራቸው፣ ከዚያ ኖዝ ሂል ፓርክ፣ በኋላም ከእኛ ጋር ወደ ተራራው መውጣት ጀመሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ስኳራቸው ወረደ፤ ሆዳቸውም አብሮ ወረደ፤ ቀልዳቸው ብቻ ጨመረ። ልጃቸው ደስ ብሎት ሦስት መቶ ዶላር ገደማ አውጥቶ የአዳኞች ቦት ጫማ ገዛላቸው። ከቁርጭምጭሚት በላይ ከፍ የሚል፣ ከታች ቀዳዳ ከላይ መንጠቆ ያለው፣ ወፍራም፣ ውሃ የማያስገባ ከስክስ። «አሁንማ እንኳን ተራራ፣ ጦር ሜዳም እሄዳለሁ» አሉን።

በዚያን ቀን ሽቅቡን እንደ ዋልያ ወጡት። ቁልቁል ስንወርድ ግን ዝም አሉ። ጋሼ ዝም ካሉ ደግሞ ደህና አይደለም። ብንጠይቃቸው «ምንም የለም፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው» አሉን። በማግስቱ ልጃቸው ደወለልኝ። ጫማቸውን ሲያወልቁ የሁለቱም አውራ ጣት ጥፍር ጠቁሯል፤ ከግራው ሥር ደም ቋጥሯል፤ ተረከዛቸው ላይ ውሃ የቋጠረው ፈንድቶ ካልሲው ተጣብቆበታል። እሳቸው ግን የተሰማቸው ጥቂት ነው። ስኳር ብዙ ዓመት የተቀመጠበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል። ሌላው ሰው «ኧረ እግሬን!» ብሎ ቁጭ በሚልበት ቦታ እሱ መንገዱን ይቀጥላል፤ ቁስሉም ሳይታወቅ ይገባል፤ ለመዳንም ይዘገያል። ከባሰ ጣት እስከ ማስቆረጥ የሚደርስ ነገር ነው። ሐኪሙ አይቶ ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ የእግር ጉዞ ከለከላቸው። መድረቁ ሰባት ሳምንት ፈጀ።

የከፋው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ቁስሉ ሲድን ጋሼ አልመለስም አሉ። «ተራራ የእኔ ዕድሜ ነገር አይደለም። ጫማውም የሰይጣን ነው» ብለው ጫማውን ጋራዥ ውስጥ ወረወሩት። የበረዶውን ወራት ሁሉ ሶፋ ላይ ሆነው ዜና ሲያዳምጡ ከረሙ። የእኛ ዜና ደግሞ ስኳር የሚያወርድ ዓይነት አይደለም። መጋቢት ላይ ሐኪሙ የመድኃኒታቸውን መጠን ጨመረው።

ያኔ ነው እቤታቸው ሄጄ «ጋሼ፣ እስቲ ጫማውን አምጡና እፊቴ ያጥልቁት» ያልኳቸው። እያጉረመረሙ አመጡት። እግራቸውን ከተቱ። ከዚያም ከታች ያለውን ማሰሪያ ሳይነኩት የላይኛውን ጫፍ ብቻ ይዘው፣ የአህያ ጭነት እንደሚጠፍር ሰው ጥርሳቸውን ነክሰው ጎተቱት። ቋጠሩት። ደግመው ቋጠሩት። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ቅልጥማቸው ታንቋል፤ የእግራቸው ጀርባ ግን ጫማው ውስጥ እንደ ልቡ ይንሸራተታል። ቁልቁለት ሲሆን እግራቸው በሙሉ ወደ ፊት እየሄደ በእያንዳንዱ እርምጃ አውራ ጣታቸውን ከጫማው አፍንጫ ጋር ያጋጫል። ሽቅብ ሲሆን ደግሞ ተረከዛቸው ይነሣና ይቀመጣል፤ ይፋጫል። ሦስት መቶ ዶላሩ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የክሩ አሳሰር ነው።

«ጋሼ፣ ስለ አስተሳሰሩ ትንሽ ላሳይዎት?» አልኳቸው።

«አንተ! እኔ ከጎንደር ገዳሪፍ በባዶ እግሬ የገባሁ ሰው፣ ዛሬ ክር ማሰር ልታስተምረኝ ነው?»

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። ጋሼ የሚሉት እውነት ነው። በ1973 ዓ.ም. ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲወጡ ጫማ ነበራቸው። የከተማ ጫማ፣ ቆዳ፣ ባለ ማሰሪያ። በሁለተኛው ሌሊት ተረከዛቸውን ላጠው። ቢጨንቃቸው የሁለቱን ጫማ ክር እርስ በርስ ቋጥረው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉትና በባዶ እግራቸው ቀጠሉ። ጋላባት የገቡት ጫማቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው ነው። ይህን ታሪክ ሲነግሩን ሁልጊዜ እንስቃለን። ግን ከእናንተ መካከል በዚያ በረሃ ያለፈ ሰው ካለ የገዛ ወሬውን ያስታውሰው፦ አንዱ በበረባሶ፣ አንዱ በኮንጎ ጫማ፣ አንዱ በባዶ እግሩ። በረባሶና ኮንጎ ክር የላቸውም። አብዛኞቻችን ክር ካለው ጫማ ጋር የተዋወቅነው ትምህርት ቤት ስንገባ ወይም ለዓመት በዓል ሲገዛልን ነው። ያኔም ታላቅ ወንድማችን ወይም እኅታችን አንዴ ቋጠሮውን አሳይተውናል፤ ትምህርቱ እዚያው ላይ አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ አምሳና ስድሳ ዓመት ሙሉ ያቺን አንድ ቋጠሮ ስንቋጥር እንኖራለን።

በባዶ እግር መሄድ ለእኛ ኩራትም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን የማያወራ ማን አለ? ለምን በባዶ እግሩ ሮጠ የሚለውን ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እዚያ ያገኘው ጫማ ስላልተመቸው ነው። የማይመች ጫማ ከማጥለቅ ባዶ እግር ይሻላል ብሎ ፈረደ፤ ትክክልም ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ግን በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይቶ፣ የሚስማማው ጫማ አድርጎ ሮጠ። የሮሙን ሰዓቱን ከሦስት ደቂቃ በላይ አሻሻለው። እኛ ግን የሮሙን ሥዕል ግድግዳችን ላይ ሰቅለን የቶኪዮውን ረሳነው። ለጋሼ ይህንን ብነግራቸው «አበበ ወታደር ነበር፣ ክር ማሰር ያውቃል» ብለው ዘጉኝ። ጋሼን በክርክር መርታት ከባድ ነው።

እኔ ራሴ አሳሰሩን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። መጋዘን ስሠራ አብሮኝ የነበረ አንድ የዚህ አገር ተወላጅ አለ፣ አዳኝ። በያመቱ ቅጠል ሲረግፍ ፈቃድ አውጥቶ አጋዘንና ኤልክ ፍለጋ ወደ ተራራው ይገባል። የኤልክ ሥጋ ቀላል እንዳይመስላችሁ። መኪና በማይገባበት ቦታ እንስሳው ከወደቀ በጀርባ ተሸክሞ እየተመላለሱ ማውጣት ነው። ሸክም ይዞ፣ ቁልቁል፣ በእርጥብ ድንጋይ ላይ። እና ይህ ሰው ጫማውን ሲያስር አሥር ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። እኔ ስስቅበት «አንተ የምታስረው ጫማውን ነው፣ እኔ የማስረው እግሬን ነው» አለኝ። የእኛም አገር አዳኞች ጀግኖች ነበሩ። ግዳይ የጣለው ሲፎክር ግን ስለ ጦሩ ወይም ስለ ጠመንጃው ነው እንጂ ስለ እግሩ ያቅራራ አዳኝ ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩ ይህ ነው። የአዳኝ ጫማ አንድ ቤት አይደለም፤ ሦስት ክፍል ያለው ቤት ነው። አንደኛው ጣቶች ያሉበት ነው፤ ሁለተኛው የእግር ጀርባ ነው፤ ሦስተኛው ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው ቅልጥም ነው። ሦስቱ ክፍሎች ደግሞ የሚፈልጉት ጥብቀት አንድ ዓይነት አይደለም። እኛ አንድ ክር ስለሆነ አንድ ዓይነት አድርገን እንጎትተዋለን፤ ወይም እንደ ጋሼ የላይኛውን ብቻ።

መጀመሪያ እግሩን ከትቶ ተረከዙን መሬት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ደቅ ደቅ ማድረግ ነው። ተረከዙ ወደ ኋላ ሄዶ ቦታውን ይያዝ። የጫማው ምላስ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ የተጣጠፈ ምላስ በሁለት ሰዓት ጉዞ ውስጥ እንደ ቢላ ይቆርጣል። ከዚያ ክሩን ከጣት በኩል ጀምሮ በየመስቀሉ በጣት እየሳቡ ማጥበቅ ነው። ጣቶች ዘንድ ላላ ይበል፤ ጣት ካልተንቀሳቀሰ ደም አይዞርም። ወደ እግር ጀርባ ሲወጣ ጠበቅ፣ ይበልጥ ጠበቅ። እግሩን ወደ ኋላ ገፍቶ የሚይዘው፣ ቁልቁለት ላይ ጣትን የሚያድነው ይህ ክፍል ነው።

እዚህ ደርሰን ነው ብልሃቱ የሚመጣው። ወደ መንጠቆዎቹ ከመውጣታችን በፊት፣ እግርና ቅልጥም የሚገናኙበት ማጠፊያ ላይ፣ ሁለቱን ክሮች እንደማንኛውም ቋጠሮ መጀመሪያ አንዴ እናጠላልፋለን። ሳንለቅ እዚያው አንዴ ደግመን እናዞራቸዋለን፤ ግራና ቀኝ ሳብ እናደርጋለን። ሐኪሞች ቁስል ሲሰፉ ክሩ እንዳይላላ የሚያደርጉት ይህንኑ ስለሆነ የቀዶ ሐኪም ቋጠሮ ይሉታል። ክር በክር ላይ ሁለቴ ሲጠመዘዝ መፋተጉ ራሱ ይይዘዋል። አሁን ከዚህ በታች ያለው ጥብቀት ተቆለፈ ማለት ነው። ላይኛውን ብናላላ ወይም ብናጠብቅ የታችኛው አይነካም። ለጋሼ ያጣላቸው ይህች አንዲት መቆለፊያ ነች። እሳቸው ከላይ የጎተቱት ኃይል በሙሉ ቅልጥማቸው ላይ ቀረ እንጂ ወደ እግራቸው ጀርባ አልወረደም።

ከመቆለፊያው በላይ መንጠቆዎቹ ላይ ሌላ ትንሽ ብልሃት አለ። ሁላችንም ክሩን ከመንጠቆው ሥር አምጥተን ወደ ላይ እናዞረዋለን። አዳኙ ግን መጀመሪያ ከመንጠቆው በላይ አሳልፎ ወደ ታች ያዞረዋል። ክሩ ራሱን በራሱ ስለሚረግጥ አይንሸራተትም። ጥብቀቱን በተመለከተ ለሽቅብና ለቁልቁል አንድ አይደለም። ሽቅብ ሲሆን ቅልጥም ወደ ፊት መጎንበስ ስላለበት ላይኛው ክፍል ላላ ይላል። ጫፍ ላይ ተደርሶ መመለስ ሲመጣ ግን ቁጭ ብሎ፣ ፈትቶ፣ ተረከዝን መልሶ ደቅ አድርጎ፣ እንደ ገና ማሰር ነው፦ የእግር ጀርባ ጠበቅ፣ ቁርጭምጭሚት ጠበቅ። አምስት ደቂቃ ነው። እኛ ሐበሾች ጫፍ ላይ ስንደርስ አምስት ደቂቃውን ፎቶግራፍ ስንነሣ እንጨርሰዋለን።

የእግሩ ጀርባ ከፍ ያለ ሰው አለ። እንደ እኔ ያለ። ክሩ የሚሻገርበት አንድ ነጥብ ላይ አጥንቱን ይጫነዋል። መድኃኒቱ ሁሉንም ማላላት አይደለም። ያ ነጥብ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ክሩን ሳያሻግሩ በየጎኑ ቀጥ አድርጎ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ማውጣት፣ ከዚያ በላይ እንደ ቀድሞው ማሻገር ነው። በመሃል መስኮት የመሰለ ክፍት ቦታ ይቀራል፤ አጥንቱ እዚያ ይተነፍሳል።

ቦት የሌላችሁ፣ በስፖርት ጫማ በፊሽ ክሪክ ወይም በቦው ወንዝ ዳር የምትሄዱ ደግሞ ጫማችሁን ተመልከቱ። ብዙዎቹ ከላይ በኩል ማንም የማይጠቀምባት አንዲት ትርፍ ቀዳዳ አለቻቸው። ለጌጥ እንዳትመስላችሁ። የየጎኑን ክር ወደዚያችው ወደ ጎኗ ቀዳዳ መልሳችሁ ስትከቱት ትንሽ ቀለበት ይሠራል። የግራውን ጫፍ በቀኝ ቀለበት፣ የቀኙን በግራ ቀለበት አሳልፋችሁ ወደ ታች ሳቡና ቋጥሩ። ተረከዛችሁ ከዚያ በኋላ አይነሣም።

አሁን ወደ መጨረሻው ቋጠሮ እንምጣ፤ ባለ ሁለት ጆሮው፣ ልጅ ሳለን የተማርነው። ብዙዎቻችን ሳናውቀው ስንኖር በተሳሳተ መንገድ ነው የምንቋጥረው። ምርመራው ቀላል ነው። ከቋጠራችሁ በኋላ ወደ ታች ተመልከቱ። ሁለቱ ጆሮዎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከተኙ ደህና ነው። አንዱ ወደ ጣት፣ አንዱ ወደ ቅልጥም ከዞረ ግን ቋጠሮው የተጠማዘዘ ነው፤ እየሄዳችሁ ይፈታል። ማስተካከያው የመጀመሪያውን እርምጃ መገልበጥ ብቻ ነው። የቀኙን ክር በግራው ላይ ታሳልፉ ከነበረ የግራውን በቀኙ ላይ አሳልፉ፤ የቀረውን እንደ ልማዳችሁ አድርጉ። እኔ ይህን ያወቅሁት ከአርባ ዓመቴ በኋላ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ «ይህ ክር መጥፎ ነው» ስል ኖሬአለሁ።

ይህን ነገር የተማሩ ሰዎችም አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ2017 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ መሐንዲሶች አንዲት ሯጭ መሣሪያ ላይ አሩጠው ቋጠሮው እንዴት እንደሚፈታ በፈጣን ካሜራ ቀረጹት። እግር መሬት ሲመታ የሚያርፍበት ድንጋጤ ከመሬት ስበት ሰባት እጥፍ ይደርሳል፤ ቋጠሮውን ያላላዋል። እግር ወደ ፊት ሲወነጨፍ ደግሞ የክሩ ጫፎች እየተወናጨፉ የማይታይ እጅ እንደሚስባቸው ሆነው ይጎትቱታል። ሁለቱ ሲገናኙ ብዙ ጊዜ ምንም ያልሆነ ቋጠሮ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይፈታል። ትክክለኛው ቋጠሮ ከተጠማዘዘው ይልቅ እንደሚበረታም አይተዋል። አውስትራሊያ ያለ ቡርካርድ ፖልስተር የሚባል የሒሳብ ሊቅ ደግሞ በ2002 የትኛው የክር አሰካክ ይበልጥ እንደሚያጠብቅ በሒሳብ አስልቶ፣ ሰው ለዘመናት የተጠቀመባቸው መስቀለኛውና ቀጥ ያለው አሰካክ ከሁሉም የሚበረቱ መሆናቸውን አገኘ። ስለዚህ በአሰካኩ አትጨነቁ። ክር ግን ጠፍጣፋ ቢሆን ከክብና ከሚያዳልጥ ናይለን ይሻላል። አንድ ትርፍ ክርም ኪስ ውስጥ አይጥፋ።

የካልጋሪ ብርድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲሆን ሁለት ካልሲ ደራርቦ ጫማውን ቀጥ አድርጎ ማሰር የብዙዎቻችን ልማድ ነው። እግራችን ይባስ ይቀዘቅዛል። ምክንያቱም የሚያሞቀው ጫማው አይደለም፣ ደም ነው፤ የታነቀ እግር ደም አያገኝም። አንድ ደህና የሱፍ ካልሲ፣ ጣቶች ዘንድ ላላ ያለ ክር። ከዚያ ቺኑክ ነፍሶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በረዶው ሲቀልጥ እግር ይሞቃል፣ ያብጣል። ያኔም ቆም ብሎ ማላላት ነው። ረጅም ጉዞ ላይም እግር ስለሚያብጥ ከተነሡ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንዴ ማስተካከል ይበጃል። ይህ ሁሉ ደግሞ ለተራራ ብቻ አይምሰላችሁ። አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን የተለጠፈበት ባለ ብረት አፍንጫ ጫማ አድርጋችሁ በየፋብሪካውና በየመጋዘኑ አሥር፣ አሥራ ሁለት ሰዓት የምትቆሙ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከእኛ ከተራራ ሰዎች ይበልጥ የምትሄዱት እናንተ ናችሁ።

ስኳር ያለባችሁ ግን ከእኔ ጽሑፍ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት እጃችሁን ውስጡ ከታችሁ ጠጠር ወይም የተጣጠፈ ነገር አለመኖሩን ዳስሱ። ማታ ማታ እግራችሁን በብርሃን ተመልከቱ፤ ሥሩን ማየት ካልቻላችሁ መስተዋት ተጠቀሙ ወይም ልጅ ጥሩ። እግራችሁ ስላልነገራችሁ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ጋሼን እንዴት እንዳሳመንኳቸው ልንገራችሁ። ክርክሩን ትቼ ውርርድ አመጣሁ። ሐኪማቸው መራመድ ፈቅዶላቸው ስለነበር፣ ሚያዝያ ላይ ከመሞሪያል ድራይቭ ወደ ክሬሰንት ሃይትስ ወደሚያወጣው ደረጃ ወሰድኳቸው። የካልጋሪ ስፖርተኛ ሁሉ የሚያልብበት ደረጃ ነው። «ግራውን እኔ ልሰር፣ ቀኙን እርስዎ እንደ ልማድዎ ይሰሩ። አራት ጊዜ እንውጣና እንውረድ። ቡናው በተሸናፊው ነው» አልኳቸው። ተስማሙ፤ ጋሼ ውርርድ እምቢ አይሉም። ሁለት ጊዜ ወጥተን ወረድን። በሦስተኛው ስንወርድ መሃል ደረጃ ላይ ቆሙ። ቁጭ አሉ። ሰው በጎናቸው እየሮጠ ያልፋል። አንዲት ቃል ሳይናገሩ የቀኙን ፈቱና የግራውን እያዩ፣ ከጣት ጀምረው፣ በየመስቀሉ እየሳቡ ማሰር ጀመሩ። መቆለፊያው ላይ ሲደርሱ ጠፋቸው። «ይህቺን ስንት ጊዜ ነው የምታዞራት?» አሉኝ። ቡናውን ግን እስከ ዛሬ አልከፈሉም።

በሰኔ ካንሞር አጠገብ ወዳለው ሃ ሊንግ ተራራ ወጣን። ይህ ተራራ ከፍታው 2,407 ሜትር ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1896 ከወጣው ከአንድ ቻይናዊ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነው። በአሥር ሰዓት ውስጥ ወጥቶ ይመለስ እንደሆነ በ50 ዶላር ተወራርዶ ጧት ወጣ፤ ለምሳ ተመለሰ። ማንም ስላላመነው ሰዎች አስከትሎ ደግሞ ወጣ። ከዚያ በኋላ አንድ መቶ ዓመት ያህል ተራራው የሚጠራው በሰውየው ስም ሳይሆን ቻይናዊነቱን በሚያዋርድ ቃል ነበር፤ የገዛ ስሙ የተመለሰለት በ1997 ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «ስደተኛ ነዋ» አሉና ሌላ አልተናገሩም። እኔ ግን ስወጣ ሁሉ ሳስብ የነበረው ሰውየው በዚያ ዘመን ምን ዓይነት ጫማ አድርጎ እንደወጣ ነው።

ጫፍ ላይ ደርሰን ዳቦ ቆልዎአችንን ቀማምሰን ለመመለስ ስንነሣ ጋሼ በትራቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘጉት። «ማንም አይወርድም» አሉ። «ሁላችሁም ቁጭ በሉ። ፍቱ። እንደ ገና እሰሩ።» ከመካከላችን ያለ አንድ ወጣት፣ እዚሁ አገር የተወለደ፣ የእሱ ደህና መሆኑን ሊነግራቸው ሞከረ። ጎንበስ ብለው አዩት። የጫማው ጆሮዎች አንዱ ወደ ጣቱ፣ አንዱ ወደ ቅልጥሙ ተኝተዋል። «ይሄ ያንተ ቋጠሮ የአህያ ነው» አሉት። ልጁ እየሳቀ ቁጭ አለ። እሳቸውም በዚያ በነፋሱ ላይ ጉልበታቸው ላይ ተንበርክከው የሌላ ሰው ልጅ ጫማ ማሰር ጀመሩ።

አሁን በየቅዳሜው ማታ ስልኬ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ይደርሰኛል። ባለቤቴ መጀመሪያ ስታየው ደንግጣ ነበር፤ አሁን ለምዳለች። የጋሼ ሁለት እግር ነው፣ ምንጣፍ ላይ ተዘርግቶ፣ መብራት በርቶበት። ከሥሩ የሚጽፉት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አሥሩም አሉ። ቁጠር።»